«ሰው መሃል ክተቱት፣ ይለቀዋል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ የምሠራው የካ አባዶ አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ በሬን የሚያንኳኳው ራሱ የተቸገረው ሰው አይደለም። ዝምተኛ ልጇን እየጎተተች የመጣች እናት ናት፤ ወይም «እባክህ ወንድሜን ፍሪ አድርግልኝ» የሚል ታላቅ ወንድም። ከዚያ ያችው የማውቃት ወሬ ትጀመራለች።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ።

«ኩራተኛ ነው።» አይደለም። ደረጃ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፋችሁ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ እናንተ አይደለም የሚያስበው። ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው የሚጨነቀው።

«ዓይነ ጥላ ነው።» ጸበል ውሰዱት፣ አልከለክልም። ግን ከልጅነቱ ጭምት የሆነ ሰው ጠባዩ ነው፤ ምኑ ይልቀቀው? ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ኢንትሮቨርት (ወደ ውስጡ የሚያዘነብል) እና ኤክስትሮቨርት (ወደ ውጭ የሚያዘነብል) ብሎ ሲከፍል ስለ ጠባይ እንጂ ስለ በሽታ አላወራም። ደግሞ የሚገርመኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልን ያሳደግነውን ልጅ መልሰን «ምን ነካህ?» ማለታችን።

«ስኪዞይድ ነው፣ ሊያብድ ነው።» ይቺ ስልኩ ላይ ፈተና የሠራ ወጣት ይዟት የሚመጣ ናት። ስኪዞይድ ጠባይ እና ስኪዞፍሬንያ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው መቅረብ አያጓጓውም፤ ሙገሳም ወቀሳም እምብዛም አይነካውም። የሌለ ድምፅ መስማት የሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናዋ። «ሰው መሃል ክተቱት፣ ይለቀዋል።»

ይህችን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከሰው የሚሸሽ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው ነው ብላ ነው የምትነሳው። ኢንትሮቨርቱ ሰው ይወዳል፣ ግን ይደክመዋል፤ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ስኪዞይድ የሚባለው ባይመጡበት ይመርጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው እየናፈቀው ውርደትን ፈርቶ የሚሸሽ ነው። ይህን ሦስተኛውን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቴዎዶር ሚሎን «አቮይዳንት» (ሸሺ) ብሎ ራሱን የቻለ ስም ሰጠው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ገባ። መመሪያው ስኪዞይድን እና ይህን ፍርሃት በተለያየ ምድብ ነው የሚያስቀምጣቸው። እኛ ሰፈር ግን ሁለቱም «ጥላቢስ» ናቸው፤ አለቀ።

አንድ ልጅ ነበር፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ፣ የመጣ ቀን ብሎኩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። እሱ ሁሉም እስኪተኛ ጠብቆ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይወርዳል። ቀን መውጣት ካለበት ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ደረጃው ላይ ኮቴ እስኪጠፋ ይቆማል። ጎረቤት «ይጀነናል» ይለዋል። ሳናግረው ግን ማን እንደወለደች፣ የማን እናት እንደታመሙ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሁሉን ያውቃል። የጎረቤቱን የቡና ወሬ በግድግዳው በኩል ሲሰማ ነው የሚውለው። ይሄ ሰው ይጠላል?

ዘመዶቹ ምን አደረጉ? ሳያማክሩት የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ ሚዜ አደረጉት። ሱፍ ተገዛለት። ጭፈራው ሲሞቅ መሃል ገፍተው አስገቡት፣ የካሜራው መብራት ፊቱ ላይ በራ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዱ «ይሄ ግንድ ነው እንዴ?» አለ፣ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሌሊትም ለውሃ መውረድ ተወ። የሚፈራው መሳለቂያ መሆንን ነበር፤ ቤተሰቡ ወጪ አውጥቶ ፍርሃቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጠለት!

ሌላዋ ለገጣፎ ቤቷ ሆና የሂሳብ ሥራ የምትሠራ ሴት ናት። ያመጧት እናቷ ናቸው። «ምን ቸገረሽ?» ስላት «እኔን ምንም፤ የከፋት እማዬ ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ከዚያች ቀን በኋላ የማናግረው እናትየዋን ሆነ።

የሚፈራውን ሰው ማለማመድ ይቻላል፤ የተፈተነ ሕክምናም አለው። ግን ትንሽ በትንሹ ነው፣ ፍጥነቱንም የሚወስነው እሱ ነው። ያ የአራተኛ ፎቁ ልጅ የጀመረው ለግቢው ጥበቃ «እንዴት አደርክ» ከማለት ነው። ከዚያ ሱቅ ሰው በሌለበት ሰዓት ዳቦ መግዛት፣ ከዚያ ማታ ሲጨናነቅ። ቀጥሎ እድር መጣ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ አውራ ብትለው አይሆንለትም፤ ድንኳን ትከል፣ ወንበር አመላልስ ብትለው ግን ከማንም በፊት ይደርሳል። የእድር ዳኞች፣ ይህን ስሙኝ፦ እንዲህ ያለውን ሰው በቀሪ ከመቅጣት ሥራ ስጡት።

እናንተ ቤተሰቦች ደግሞ ተናግሮ ሲገኝ «ውይ! ዛሬስ አፍ አወጣ!» አትበሉ። አጨብጭባችሁ ዝም የምታሰኙት እናንተው ናችሁ። እንግዳ የሚመጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ተነስቶ ወደ ጓዳ ከገባ ተከትላችሁ አትጎትቱት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። እስካሁን የተናገርኩት ድሮም እንዲህ ስለሆነ ሰው ነው። ተጫዋች የነበረ ልጅ በወራት ውስጥ በሩን ከዘጋ፣ ምግብ ከተወ፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ሰው እያሳደደኝ ነው ካለ ወይም መኖር አስጠላኝ ካለ፣ «ጠባዩ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ድብርት ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉለታል። ሞቼ እገኛለሁ የሚል ከሆነ ደግሞ ለብቻው አትተዉት፣ ነገንም አትጠብቁ።