ወረርሽኝ የልብ ሞትን ጨመረ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎችን ደጋግሞ ግራ የሚያጋባው፣ እንደ ኮሮና ያለ ወረርሽኝ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞተውን ሰው አበዛ ሲባል ሟቾቹ ሁሉ በቫይረሱ ተይዘው የነበሩ መስሎ መታየቱ ነው። አባባሉ የሚገልጸው ግን ከተለመደው በላይ የተመዘገበውን ሞት ነው። ለምሳሌ አንድ ከተማ በዓመት 100 ያህል ሰው በዚህ ሕመም የሚያጣ ሆኖ በወረርሽኙ ዓመት 130 ቢያጣ፣ ጭማሪው 30 ነው፤ ከ130ዎቹ መካከል እነማን ያለ ወረርሽኙ ይተርፉ እንደነበር ግን ቁጥሩ አይለይም።

ጭማሪው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ቫይረሱ ራሱ ነው፤ የሚያስነሣው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ደም በቀላሉ እንዲረጋ ከማድረጉም በላይ በልብ ደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የተጠራቀመውን ስብ ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህ የኮሮና ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ በተረጋገጠባቸው ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድል ከሌላው ጊዜ 6 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እይታ ከሚገባው በላይ የሚዘነጋው፣ የሕክምና መዘግየት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ወራት በብዙ አገሮች ለልብ ሕመም ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ሰው ቀንሶ ነበር፤ ደረቱን እያመመው ተላላፊውን በሽታ ፈርቶ ቤቱ የቀረና የሞተ ሰው፣ ቫይረሱ ጨርሶ ሳይነካውም ከጭማሪው ውስጥ ይገባል።

ሁለቱም መንገዶች መኖራቸው የተረጋገጠ ነው። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን እንደ ሥርጭቱ ስፋት፣ እንደ ሕዝቡ ዕድሜና እንደ ድንገተኛ ሕክምናው አቅም ከቦታ ቦታ ይለያያል።