ቢች ላይ ሠርግ በስንት ሰዓት ይሁን? ስለ ሰዓት አመራረጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ቢች ላይ ለመጋባት ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ቦታውና ስለ ቀሚሱ ነው። ሰዓቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ልክ አዳራሽ ሲከራዩ እንደሚያደርጉት ለዲጄውና ለምግብ አቅራቢው በሚመች ሰዓት ይቆረጣል። አዳራሽ ውስጥ ይሄ ችግር የለውም። ቢች ላይ ግን ብርሃኑም፣ ነፋሱም፣ ውሃውም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እናንተን አይጠብቁም። ከዚህ በታች ያሉት ከሙሽሮች፣ ከሚዜዎች፣ አንዳንዴም ከዲኮር ሠራተኞች ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከዛንዚባር፣ ከአሜሪካ ዳርቻዎችና ከራሳችን ሐይቆች ወስጃለሁ።

«ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትጠልቅ እንጋባለን»

መጀመሪያ ዳርቻው ወደየት እንደሚያይ እወቁ። ቨርጂኒያ ቢች፣ ሜሪላንድ ያለው ኦሽን ሲቲ፣ ደላዌር ያለው ሪሆቦት ቢች፣ ማያሚ ቢች፣ ሁሉም የሚያዩት ወደ ምሥራቅ ነው። እዚያ ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች እንጂ ወደ ባሕሩ አትገባም። ማታ የምትወርደው ከጀርባችሁ፣ በከተማው በኩል ነው። ዳርቻው ላይ ረጃጅም ሆቴሎች ካሉ ደግሞ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ጥላቸው አሸዋው ላይ ይተኛል። ሙሽራውና ሙሽሪት ጥላ ውስጥ ቆመው ከኋላቸው ያለው ባሕር ግን ገና ብሩህ ይሆናል፤ ፎቶው ላይ ወይ ፊታቸው ይጨልማል ወይ ባሕሩ ነጭ ወረቀት ይመስላል።

ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትገባ ማየት ከሆነ ሕልማችሁ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተርን ወይም ሳራሶታን የመሰለ የምዕራብ ዳርቻ፣ አለዚያም ካሊፎርኒያን ምረጡ። ዛንዚባር ላይ ኬንድዋ ይሄን ይሰጣችኋል፤ ፓጄና ጃምቢያኒ ግን በምሥራቅ በኩል ስለሆኑ አይሰጧችሁም። አገር ቤትም ያው ነው። ሐዋሳ ከተማ የሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ስላለች ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ታያላችሁ። ላንጋኖ ላይ በዋናው የሐዋሳ መንገድ በኩል ያሉት ማረፊያዎች ደግሞ ሐይቁን ወደ ምሥራቅ ስለሚያዩ ጸጋቸው የጠዋት ፀሐይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳርቻው ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነና ሙሽሮቹ ባሕሩን ከጀርባ አድርገው ከቆሙ፣ እንግዳው ሁሉ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይገጥማታል። እናቶች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነው ልጆቻቸውን የሚያዩት። ወንበሩን ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ ምንም ወጪ የለውም።

«ውሃው መቼም የትም አይሄድ»

ይሄድ የለም እንዴ! ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፣ በተለይ የእኛ ሰው፤ ያደግነው ከሐይቅ ጋር ስለሆነ ውሃ ቦታው ላይ ይቆያል ብለን ነው የምናስበው።

ውቅያኖስ በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል አለ። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ዛንዚባር ላይ በእነዚያ ቀናት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። የፓጄና የጃምቢያኒ ዳርቻ ደግሞ ዝርግ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርቆ ይሄዳል። ሆቴሉ በፎቶ ያሳያችሁ ሰማያዊ ባሕር በነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋ፣ በጎናቸው የተኙ ጀልባዎችና በትናንሽ እንጨቶች ላይ በገመድ የተወጠረ የባሕር አረም ታያላችሁ። የመንደሩ ሴቶች አረሙን የሚሰበስቡት ያኔ ነው፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው። ለእኔ ይሄም ውብ ነው። እናንተ ግን የከፈላችሁት ለውሃው ከሆነ ታዝናላችሁ።

ተቃራኒውም አለ። ውሃው ጎድሎ ሳለ ወንበር የደረደረ ሰው፣ እንግዳው ቁጭ ሲል የፊት ረድፉ እግር ውሃ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ፣ ታይድ ቻርት የሚሉት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀን ሳይቀር አስቀድሞ ይገኛል። ሆቴሉን «ጥሩ ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ውሃው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱ ካልገጠመ ቀኑን በሳምንት ማራቅ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የዛሬ ሳምንት በ10 ሰዓት ሙሉ የነበረው ባሕር ዛሬ በ10 ሰዓት የጎደለ ሊሆን ይችላል። ቀን መቀየር የማትችሉ ከሆነ እንደ ኑንግዊና ኬንድዋ ያለውን የሰሜኑን ጫፍ እዩ፤ እዚያ ውሃው ብዙም አይርቅም። በሜዲትራኒያንና በፍሎሪዳ የምዕራብ ዳርቻ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አትጨነቁ። ሐዋሳና ላንጋኖ ላይ ጭራሽ አታስቡት።

«ሥነ ሥርዓቱ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀመር»

ከጀመረ መጨረሻው ጨለማ ነው። ለምድር ወገብ በቀረቡ ቦታዎች ፀሐይ ከገባች በኋላ የሚቀረው ደህና ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ቢች በጁን ወር ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰጣችኋል። ቃል ኪዳኑ፣ ቀለበቱ፣ የሽማግሌዎች ምርቃት፣ ከዚያ የሁለቱም ቤተሰብ ፎቶ፣ የአክስት ልጆች ፎቶ፣ «እኔ ሳልነሳ!» የሚል ሰው ፎቶ። ምርቃት ደግሞ በደቂቃ አይለካም፣ መለካትም የለበትም።

ስለዚህ ከመጥለቂያው ወደኋላ ቁጠሩ። ዛንዚባር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12፡10 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 12፡30 የምትጠልቅ ከሆነ ሥነ ሥርዓቱን 10፡30 ጀምሩ። 11፡15 ላይ ያልቃል እንበል፤ ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ፣ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለሁለታችሁ ብቻ። ያ ወርቃማ ብርሃን የሚመጣው ያኔ ነው፤ የጥበቡ ክር አንድ በአንድ የሚታይበት። ደሴቱ ላይ በብዛት ሙስሊሞች ስለሚኖሩ ፀሐይ ስትገባ የመግሪብ አዛን ከመንደሩ ይሰማል። ቃል ኪዳናችሁ ከዚያ በፊት ቢያልቅ ለእናንተም ለእነሱም መልካም ነው።

አሜሪካ ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር «ከምሽቱ 6 ሰዓት እንጀምር» ብላችሁ ወሩን ሳታዩ አትቁረጡ። ቨርጂኒያ ቢች በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው በዚያው በፈረንጁ 8፡25 ገደማ ሲሆን በዲሴምበር መጀመሪያ 4፡50 አካባቢ ነው።

«ነፋስ የዕድል ጉዳይ ነው»

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ቀን መሬቱ ከባሕሩ ቶሎ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ይሄ ነፋስ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ወደ ምሽት ይበርዳል። ሐይቅ ዳርም ተመሳሳይ ነው፤ ቬሎና ነጠላ በጣም የሚያስቸግረው 8 እና 9 ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የወቅት ነፋስ አለ። ፓጄ የካይት ሰርፊንግ (በነፋስ በሚነዳ ካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ የመንሸራተት) መንደር የሆነችው በከንቱ አይደለም። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር እዚያ የምታገቡ ከሆነ ለማይክሮፎኑ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ይኑረው፤ አለዚያ ቪዲዮው ላይ ቃል ኪዳናችሁ አይሰማም።

ፍሎሪዳ ላይ በሰመር ይሄው የባሕር ነፋስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ያመጣል። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ።

«እኩለ ቀን ብርሃኑ ሙሉ ነው፣ ፎቶ አሪፍ ይወጣል»

አይወጣም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ስር ጥላ ይወድቃል፣ ነጩ የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ ጥለቱ ጠፍቶ አንድ ነጭ ነገር ብቻ ይሆናል። አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ ጨረሩንም ወደ ላይ ስለሚመልሰው ጃንጥላ ብቻውን አያድንም። አሜሪካ ላይ በሰመር ሰዓት ስለሚቀየር ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በፈረንጅ 1 ሰዓት አካባቢ መሆኑንም አስቡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አያትና አባት ባሉበት ሠርግ ይሄን ሰዓት መምረጥ አይገባም።

«የጠዋት ሠርግ ለሀበሻ አይሆንም»

ለምን? ተክሊልና ቁርባን ከቅዳሴ ጋር ጠዋት አይደል እንዴ የሚፈጸመው? ሰዉ ሌሊት ተነስቶ ይመጣል እኮ። ወደ ምሥራቅ በሚያይ ዳርቻ ለሚደረግ ሠርግ በእኔ እምነት ከጠዋት የተሻለ ሰዓት የለም። ነፋሱ ገና አልተነሳም፣ ብርሃኑ ከባሕሩ በኩል ለስለስ ብሎ ይመጣል፣ ቢቹ ባዶ ነው፣ ከኋላችሁ በዋና ልብስ የሚያልፍ ሰው የለም። ምሳውን አዳራሽ አድርጉት። ካሊፎርኒያ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በሜይና በጁን ጠዋት ጠዋት ግራጫ ደመና ዳርቻውን ይሸፍነዋል፣ ብዙ ጊዜ የሚገፈፈው ከሰዓት በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምትቆርቡ ከሆነ ደግሞ ተክሊሉንና ቢቹን በአንድ ቀን አታጨናንቁት። ከሌሊት ጀምሮ በጾም የቆመ ሰው ከሰዓት በኋላ አሸዋ ላይ ደስ ብሎት አይቆምም።

«ሰዉ ስለሚያረፍድ ካርዱ ላይ አንድ ሰዓት ቀድመን እንጻፍ»

በዚህ የሚቀጡት በሰዓቱ የሚመጡት ናቸው፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ይልቅ አውቶቡስ ተከራዩና የሚነሳበትን ሰዓት ካርዱ ላይ ጻፉ፤ አውቶቡስ እንደሚያመልጥ ሁሉም ሰው ያውቃል። ለሚጠብቁት ጥላና ውሃ አዘጋጁ።

ከአዲስ አበባና ከአሜሪካ የሚመጣ እንግዳ ዛንዚባር ላይ የሚገናኝ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ «ከቀኑ 10፡30፣ በፈረንጅ 4፡30»። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ሾፌሩን በስዋሂሊ «10 ሰዓት» ካላችሁት እንደናንተ ይረዳል፣ የሆቴሉ ሰዎች ግን በፈረንጁ ሊይዙት ይችላሉ። ለሁለቱም በጽሑፍ ስጧቸው።

«ከመሸም መብራት ተክለን እንቀጥላለን»

ሁሉም ቦታ አይፈቀድም። ፍሎሪዳ ላይ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት አለ፤ በምዕራብ ዳርቻ ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31፣ በአትላንቲኩ በኩል ደግሞ በብዙ ቦታ ከማርች 1 ይጀምራል። የተፈለፈሉት ግልገሎች ወደ ባሕሩ መንገዳቸውን የሚያገኙት ብሩህ የሆነውን አድማስ ተከትለው ነው፤ ደማቅ መብራት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳቸውና ብዙዎቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ብዙ ከተሞች በዚያ ወቅት ሌሊት ቢች ላይ መብራት ይከለክላሉ። በሕዝብ ቢች ላይ ለሥነ ሥርዓቱም ራሱ ብዙ ጊዜ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ስታመለክቱ እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚቻል አብራችሁ ጠይቁ። ጭፈራውን፣ እስክስታውንና ኬኩን ወደ ውስጥ አስገቡት።