የፍራንቻይዝ ውል ምንድን ነው? የኬብል ቴሌቪዥን ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ከየት ይመጣል?

ሐዋሳ ላይ ቴሌቪዥን ማለት ዲሽ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሳህን ምስሉን በቀጥታ ከሳተላይት ስለሚቀበል የከተማውን መንገድ አይነካም። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ቤቶች ለዓመታት ቴሌቪዥን ያዩት በኬብል ነው። ድርጅቱ ገመዱን በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ይዘረጋል ወይም አስፋልት ሥር ይቀብራል። ለዚህ ከከተማው ጋር የሚፈራረመው ውል ፍራንቻይዝ ይባላል። የኬብል ድርጅት ትምህርት ቤት ረዳ፣ ለሰፈሩ ቻናል ከፈተ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ይህ ውል አለ። ድርጅቶቹ በፈቃዳቸው የሰጡትም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ኢንዱስትሪው ለትምህርት ቤቶች ነፃ መስመርና ማስታወቂያ የሌለው ትምህርታዊ ፕሮግራም ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ጸንቶ የሚቆየው ግን ውል ላይ የሰፈረው ነው።

የ1984ቱ የአሜሪካ የኬብል ሕግ ከተማው ከድርጅቱ የኬብል ገቢ በዓመት እስከ 5 በመቶ እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ከተማው ቻናል መጠየቅ ይችላል፤ ለነዋሪው፣ ለትምህርት ቤትና ለአስተዳደሩ። በእነዚህ ቻናሎች ላይ ድርጅቱ የይዘት አርታኢ መሆን አይችልም፤ ጸያፍ ነገር ካልሆነ በቀር የነዋሪውን ፕሮግራም አልወደድኩትም ብሎ መጣል አይፈቀድለትም።

እዚህ ላይ ብዙ ከተሞችን ያስቸገረ ነገር አለ። ድርጅቱ ለቻናሎቹ ካሜራ፣ መብራትና ስቱዲዮ እንዲገዛ ሲገደድ ወጪው ከ5 በመቶው ውጭ ይታሰባል። ደመወዝና የዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ ግን ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ በተፈረሙ ውሎች ከ5 በመቶው ጣሪያ ሥር ይገባል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የተሟላ ስቱዲዮ ኖሮት ካሜራ የሚይዝ ሰው ያጣል።

ነፃ መስመሩም ቢሆን ሕንጻው ድረስ መምጣቱ ብቻውን በቂ አይደለም። በር ላይ የደረሰው ሲግናል 10 ዲቢኤምቪ (በዴሲቤል የሚለካ የሲግናል ጥንካሬ) ነው እንበል። በስምንት መውጫ ስፕሊተር (አንዱን መስመር ለብዙ ክፍል የሚያካፍል ዕቃ) ሲከፋፈል 11 ዴሲቤል ገደማ ያጣል። ስድሳ ሜትር አርጂ 6 (የተለመደው የቴሌቪዥን ገመድ) ደግሞ ከፍተኛዎቹ ቻናሎች ላይ ወደ 12 ዴሲቤል ይበላል። መጨረሻው ክፍል የሚደርሰው ከዜሮ በታች 13 ሲሆን ቴሌቪዥን የሚመቸው ዜሮ አካባቢ ነው። ምስሉ ይቆራረጣል፣ መምህሩም ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ይላል። መፍትሔው አምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) ነው፤ የሚገጠመውም ከስፕሊተሩ በፊት ነው። ከደከመ በኋላ ማጉላት ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል። ያልተያዙት የስፕሊተር መውጫዎች በ75 ኦም ተርሚኔተር ካልተዘጉ ሲግናሉ እየተመለሰ ሌሎቹን ክፍሎች ይረብሻል።

ውሉ ዛሬ እየሳሳ ነው። የ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ በቀጥታ ወደ ቤት የሚገባውን የሳተላይት ቴሌቪዥን ከከተማ ክፍያ ነፃ አድርጎታል፤ በኢንተርኔት የሚታየውም አብዛኛው አይከፍልም። የኬብል ደንበኛ ሲቀንስ 5 በመቶውም አብሮ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነፃ መስመርን የመሳሰሉ በዓይነት የሚሰጡ ነገሮች ከ5 በመቶው ውስጥ እንዲታሰቡ ወሰነ። ከተማው ለትምህርት ቤቱ ነፃ መስመር ከፈለገ ከገንዘቡ ይቀነስበታል ማለት ነው።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ፣ በእኛ አገር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የመጣው «ፕላዝማ» የመንግሥት ሥራ ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ መምህሩም ስክሪኑን አስቁሞ ማስረዳት አይችልም ነበር። ዲሽ የሚሸጥ ወይም ቻናል የሚያሰራጭ ድርጅት ኮብልስቶን ስለማያነሳ ከተማው በመንገድ ስም የሚጠይቀው ነገር የለም። ኮብልስቶን የሚያነሳው ፋይበር የሚዘረጋው ነው። ስለዚህ የፍራንቻይዝን ሐሳብ እዚህ መሞከር ለሚፈልግ ቦታው የቁፋሮ ፈቃዱ ነው፤ ለመደራደርም የሚመቸው ቁፋሮው ሳይጀመር ነው።

«ለትምህርት ቤቱ መስመር ይገባል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ መስመሩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ይቀራል። መስመር የሚደርሳቸው ክፍሎች ብዛት፣ የውስጥ ገመዱን የሚዘረጋው ወገን፣ ሲበላሽ የሚጠገንበት የቀን ገደብና መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን የሚያቆየው ባትሪ በየስማቸውና በየቁጥራቸው ይጻፉ። የውሉ ዘመንም ቢያንስ መሣሪያው እስኪያረጅ ይሁን፤ ያለበለዚያ የሚቀጥለው ርዕሰ መምህር ጊዜው ያለፈበት ውልና የቆመ ሞደም ይረከባል።