ስለ ስደተኛ ወፎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ አጠገብ ያለው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ሄደን ስደተኛ የባሕር ዳርቻ ወፎችን፣ ማለትም ውሃ ዳር ጭቃ ውስጥ የሚለቅሙትን፣ እንይ ስል ሰዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«የባሕር ዳርቻ ወፍ ለማየት ባሕር መውረድ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። አንዳንዱ ዝርያ ከባሕር ጠረፍ አይርቅም፤ ብዙዎቹ ግን የሚፈልጉት ለስላሳ ጭቃና ውስጡ ያለውን ትል ነው። ይህ ደግሞ አቃቂም፣ ገፈርሳም፣ ሱሉልታም አለ።

«የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጠፋ ወዳጅ ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ!» እያልን አድገናል። ወፉ ግን የትም አይሄድም። ደማቅ ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር ሆኖ የምናየው ወንዱ ነው። ክረምት ላይ ለመራባት ያጌጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በጋውን ሙሉ አጠገባችን እህል ሲለቅም ተራ ወፍ መስሎን እናልፈዋለን።

በዚያው በመስቀል ሰሞን እውነተኞቹ መንገደኞች ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ ይገባሉ። ቡናማና ግራጫ ስለሆኑ ልብ የሚላቸው የለም። ከመካከላቸው ትንሿ ብዙ ጊዜ 30 ግራም እንኳ አትሞላም። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ሳናያት መቅረታችን ያሳዝነኛል።

«ብርድ ሸሽተው ነው»

የሱሉልታ የኅዳር ውርጭ መቼ ቀላል ሆነና! ዋናው ጉዳይ ምግብ ነው። በትውልድ ቦታቸው መሬቱ በረዶ ሲሆን መንቁር አይገባውም።

«መንጋውን የሚመራ አለቃ አለ»

የለም። እያንዳንዱ ወፍ አጠገቡ ያሉትን እያየ ይታጠፋል። ሺዎቹ በአንዴ ሲዞሩ ትእዛዝ የተሰጠ ይመስላል እንጂ።

«ብናስነሳቸው ምን አለበት? ፎቶው ያምራል»

ይህን ስሰማ አልችልም። በ2022 እ.ኤ.አ. መከታተያ የተገጠመለት አንድ ወጣት የባሕር ዳርቻ ወፍ ከአላስካ እስከ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ገደማ በሯል፤ አንዴም ሳያርፍ። ስንቁ ቀድሞ ያጠራቀመው ስብ ብቻ ነበር። የእኛዎቹም በመጋቢትና በሚያዝያ ሲመለሱ የሚበሩት እዚህ ጭቃ ላይ ባካበቱት ስብ ነው። ባስነሳናቸው ቁጥር ከዚያ ላይ እንቀንሳለን።

ጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ባይኖኩላር ያዙ። ወፎቹ መልቀም ትተው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ በጣም ቀርባችኋልና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ።