የድንገት ግዢ ምንድን ነው?

ካልሲ ሊገዛ የገባ ሰው ጃኬት፣ ቀበቶና የስልክ ሽፋን ይዞ ይወጣል። ካልሲውን ረስቶታል። የድንገት ግዢ የሚባለው ይህ ነው፤ ቀድሞ ያላሰቡትን ዕቃ እዚያው አይተው፣ እዚያው ፈልገው፣ እዚያው መክፈል። ዋጋው መወደዱ ወይም ዕቃው ቅንጦት መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ። ርካሽም ይሁን ውድ፣ በመፈለግና በመክፈል መካከል ለማሰብ የሚሆን ጊዜ ከሌለ ግዢው የድንገት ነው።

የገበያ ተመራማሪው ሆኪንስ ስተርን በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ የድንገት ግዢን በ4 ከፍሎታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ስሜት ብቻ ነው፤ አየሁት፣ ወደድኩት፣ ገዛሁት። ሌላው ማስታወስ ነው። ሳሙና ማለቁን ረስታችሁ ነበር፣ መደርደሪያው ላይ ስታዩት ትዝ አላችሁ። በዚህ ማንም አይወቀስም። ሦስተኛው ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁትን ዕቃ አይታችሁ “ለካ ይሄ ያስፈልገኝ ነበር” የሚያሰኘው ነው። ለኔ ከሁሉም ተንኮለኛው ይሄኛው ነው፤ ምክንያት ይዞ ይመጣላ! ገዢው አስቦ የገዛ ይመስለዋል። አራተኛው ደግሞ “ቅናሽ ካለ አንድ ነገር አነሳለሁ” ብሎ መውጣት ነው። ምን እንደሚገዛ አልወሰነም፤ መግዛቱን ግን ወስኗል።

በ2007 የአንጎል ተመራማሪው ብራያን ክኑትሰንና ባልደረቦቹ ሰዎችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው አስገበዩአቸው። መጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ ዋጋውን ያሳዩአቸዋል። የወደዱት ዕቃ ሲመጣ ደስታን ከመጠበቅ ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል ይነቃል። ዋጋው በዛ ሲላቸው ደግሞ ከሕመምና ከመጥፎ ስሜት ጋር የሚያያዘው፣ ኢንሱላ የተባለው ክፍል ይነሳል። ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ ያማል የምንለው ለካ ለቀልድ ብቻ አይደለም። ያ ሕመም ፍሬናችን ነው። ንግዱ ደግሞ ላለፉት 100 ዓመታት ይህን ፍሬን ሲያላላ ኖሯል።

ድሮ ዕቃው ያለው ከባንኮኒው ጀርባ ነበር። ገዢው የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሻጩ ያወርድለታል። ክላረንስ ሳንደርስ በ1916 አሜሪካ ውስጥ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ሲከፍት ይህን ቀየረው። ደንበኛው ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይዞራል፣ ዕቃውን ራሱ ያነሳል፣ መውጫው ላይ ይከፍላል። የሠራተኛ ወጪ ቀነሰ። ደንበኛውም ሊገዛ ያላሰበውን ዕቃ በእጁ ያገላብጥ ጀመር። በ1937 ደግሞ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የመደብር ባለቤት የነበረው ሲልቫን ጎልድማን፣ ቅርጫቱ ሲከብድ ሰው መግዛት እንደሚያቆም አየና ባለጎማ ጋሪ አመጣ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ ስላልወደደው ጋሪ እየገፉ መደብሩ ውስጥ የሚዞሩ ሰዎችን ቀጠረ ይባላል። ተሳክቶለታል።

ከዚያ ካርድ መጣ። ተመራማሪዎቹ ድራዘን ፕሬሌክና ደንካን ሲሜስተር በ2001 ባሳተሙት ጥናት ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት የጨረታ ዋጋ እንዲሰጡ አደረጉ። ለግማሾቹ በጥሬ ገንዘብ፣ ለግማሾቹ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ ተነገራቸው። ባለካርዶቹ የሰጡት ዋጋ በአማካይ የሌሎቹን እጥፍ ገደማ ሆነ። ትኬቱ ያው ነው፤ የተለየው አከፋፈሉ ብቻ ነው። አማዞን ደግሞ በ1999 በአንድ ጠቅታ ለሚፈጸም ግዢ ፓተንት (ሌላው ያለፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት) አገኘ። ፓተንቱ ጊዜው ያለፈው በ2017 ነው፤ እስከዚያ አፕልን የመሰለ ኩባንያ እንኳ ፈቃዱን ገዝቶ ነው የተጠቀመበት። ሁለት ሦስት ጠቅታ መቀነስ ያን ያህል ያዋጣል ማለት ነው።

ዛሬ ስልኩ ካርዱንም አድራሻውንም ያስታውሳል። የሚቀረው ጣት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሽሚያው አለ። “2 ብቻ ቀርቷል።” “ቅናሹ በ9 ደቂቃ ውስጥ ያበቃል።” “ብዙ ሰው እያየው ነው።” እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ሳያስቡ እንዲከፍሉ ማጣደፍ። “ትንሽ ቢጨምሩ ማድረሻው በነጻ ይሆናል” የሚለው ደግሞ አለ። የማድረሻውን ላለመክፈል ከማድረሻው የሚወደድ ዕቃ መጨመር! ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ለሠራው ያስቃል። ግን ማን ቁጭ ብሎ ይሠራል?

ለዚህ ነው “ጠንከር በል፣ ቻል አድርገው” የሚለውን ምክር ብዙም የማላምንበት። አምሽቶ፣ ደክሞት፣ ስልኩን ይዞ የተጋደመ ሰው ጥንካሬ ከየት ያመጣል? የሚሻለው የተወሰደበትን ጊዜ መልሶ መውሰድ ነው። በቅድሚያ አፑ ላይ የተቀመጠውን የካርድ ቁጥር ማጥፋት። ተነስቶ ቦርሳ መፈለግ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ መጻፍ ያሰለቻል፤ የተፈለገውም እሱ ነው። የቅናሽ ኢሜይልና ኖቲፊኬሽንንም መዝጋት ነው። ያላዩት ቅናሽ አያስጎመጅም።

ከዚያ ማሳደር ይመጣል። የፈለጋችሁትን ዕቃ ከነዋጋውና ከነቀኑ ጻፉትና ተዉት። ለትንሽ ዕቃ አንድ ቀን፣ ለትልቅ አንድ ወር የሚሉ አሉ። ቁጥሩ ላይ ምሥጢር የለም፤ ማለፍ ያለበት የመጀመሪያው ግለት ነው። ጆርጅ ሎወንስታይን የተባለው ተመራማሪ ይህን በሰፊው ጽፎበታል። ሰው ስሜቱ ሲግል፣ ሲበርድለት ምን እንደሚያስብ መገመት ይከብደዋል። አሁን የጓጓነውን ያህል ሁልጊዜ የምንጓጓ ይመስለናል። ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩን ስታነቡት አንዳንዱን ለምን እንደጻፋችሁት ራሱ ግራ ይገባችኋል። አሁንም የምትፈልጉት ካለና አቅማችሁ ከፈቀደ ግዙት፣ ምንም አይጸጽታችሁ። ብቻ ዝርዝሩ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይሁን እንጂ የመደብሩ አፕ ላይ አይሁን። እዚያ ጋሪ ውስጥ ትታችሁት የወጣችሁትን ዕቃ መደብሩ አይረሳውም። በማግስቱ “የረሱት ነገር አለ” ብሎ ይጽፍላችኋል፣ አንዳንዴም ቅናሽ ጨምሮ።

የገዙትን መጻፍም ይጠቅማል። ጃፓናዊቷ ጋዜጠኛ ሃኒ ሞቶኮ በ1904 ካኬቦ የተባለውን የቤት ሒሳብ ደብተር አሳትማ ነበር፤ ጃፓኖች እስካሁን ይጠቀሙበታል። ወጪን በእጅ መጻፍ ነው ዋናው ነገር። እኔ አንድ ነገር ብትጨምሩበት እላለሁ። ከወጪው ጎን ስትገዙ የነበራችሁበትን ሁኔታ በአጭሩ ጻፉ፦ ደክሞኝ፣ ተናድጄ፣ ደመወዝ ገብቶ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዕቃዎቹ የተለያዩ ሆነው ሰዓቱና ስሜቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከዕቃው ሳይሆን ከሰዓቱ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ማሰቢያ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኦንላይን የተገዛን አብዛኛውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጡ መመለስ ይቻላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ማሸጉ፣ መላኩ፣ ደረሰኝ መፈለጉ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መግዣው አንድ ጠቅታ፣ መመለሻው ግማሽ ቀን ሲሆን ሰው “ተዉት፣ ይቀመጥ” ይላል።

“ዘንድሮ ምንም አልገዛም” የሚል መሐላ ግን አይዋጥልኝም። አንድ ቀን ሲፈርስ “ከፈረሰማ” ተብሎ የባሰ ይገዛል። ይልቅ በየወሩ ለዘፈቀደ ወጪ ትንሽ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። በዚያ ገንዘብ የማይረባ ነገር ቢገዛም ጠያቂ የለም። ሲያልቅ አለቀ ነው።

ይህ ሁሉ ለተራው የድንገት ግዢ ነው። መግዛቱን ማቆም ያቃተው፣ ዕቃውን ከነማሸጊያው የሚያከማች፣ ከቤተሰቡ የሚደብቅ፣ በብድር ላይ ብድር የሚጨምር ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን ይህን የመግዛት አባዜ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎበታል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ዕቃው ሳይሆን መግዛቱ ነው። ብዙ ጊዜም ከድብርት ወይም ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ይመጣል። የካርድ ቁጥር ማጥፋት ለዚህ አይበቃም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ዕዳውንም ከሚያምኑት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መዘርዘር ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊጀመር ይችላል።