«መቀበል» ሲባል እጅ መስጠት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ገጠር ለሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች የአንድ ቀን የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጥበት አሠራር አለ። በየሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ መመላለስ ስለሚከብድ ነው። ከዘዴዎቹ አንዱ «አክት» ይባላል፣ ሲተረጎም «የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና» እንደማለት ነው፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ስቲቨን ሄይስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ የጀመረው።

እዚህ ላይ ሰው ግራ የሚጋባው «መቀበል» በሚለው ቃል ነው። «የደረሰብኝን ደግ ነው ልበል እንዴ?» ይላል፤ አይፈረድበትም፣ ቃሉ ራሱ ያናድዳል። ግን እንደዚያ አይደለም። የልጅህ ትምህርት ቤት ዝግጅት አለ እንበል፣ ግርግሩን ገና ስታስበው ልብህ ድው ድው ይላል፣ ድሮ ቢሆን ቤት ትቀር ነበር፤ አሁን ፍርሃቱን ላባርር ብለህ ሳትታገል፣ እሱንም ይዘህ ለልጅህ ስትል ትሄዳለህ። በር አጠገብ ብትቀመጥም ችግር የለውም።

ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ለሚመጣበት ግን አንድ ቀን አይበቃም፣ ቶሎ ሐኪም ያስፈልገዋል።