ሚያዝያ 27፦ ጠላት የገባበትም ንጉሡ የተመለሱበትም ቀን

በአርበኞች የድል በዓል፣ ሚያዝያ 27 ጠዋት፣ አራት ኪሎ አደባባይ የተገኘ ሰው ያየውን አይረሳም። የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ደረታቸው በኒሻን የተሞላ አባቶችና እናቶች ከሐውልቱ ሥር ይሰለፋሉ። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ፉከራና ሽለላ ይሰማል። የዚያ ዘመን አርበኞች ከዓመት ዓመት እያነሱ ሄደው ዛሬ ጎፈሩን የሚደፉት አብዛኞቹ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

ታሪክ አስተምራለሁ። በዓሉ ሲቃረብ ተማሪዎቼን «በዚያ ቀን ምን ሆነ?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። የሚሰጡኝ መልሶች ከዓመት ዓመት አይለወጡም፤ ከጎልማሶችም የምሰማቸው እነዚያኑ ነው። ፈጽሞ ሐሰት የሆነ መልስ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም የበለጠ ያስቸግራል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልኩ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

«ጣሊያን ከአዲስ አበባ የተባረረበት ቀን ነው»

አይደለም። ሚያዝያ 27፣ 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ከተማዋ ከጠላት እጅ ከወጣች አንድ ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከኬንያ ተነሥቶ በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋ፣ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል የገሰገሰው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር መዲናዋን የያዘው መጋቢት 28 ነው። በዚህ ጦር ውስጥ የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን ከተማዋን ትቶ ወደ አምባ አላጌ ምሽግ ሄዶ ስለነበር በአዲስ አበባ የረባ ውጊያ አልተደረገም።

በዚያው መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ የት ነበሩ? ደብረ ማርቆስ። ጥር 12 ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ጎጃምን አቋርጠው የመጡት በዚያ በኩል ነበር። አዲስ አበባ የተያዘችበት ቀንና እሳቸው ደብረ ማርቆስ የገቡበት ቀን አንድ ነው።

«ቀኑ በአጋጣሚ ገጠመ»

ብዙ ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ የበዓሉ ትርጉም ያለው እዚህ ነውና።

አምስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ካበቃ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24፣ 1928 በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ከሰዓት በኋላ የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ይዞት በመጣው፣ ከ1,600 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች በተጫነ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ለሕዝቡ ብቅ ብሎ ጦርነቱ አብቅቷል ሲል አወጀ። ሚያዝያ 27 ለኢትዮጵያ በመጀመሪያ የሐዘን ቀን ነበር።

አሁን ወደ 1933። ከተማዋ ነጻ ከወጣች በኋላም እንግሊዞች ንጉሠ ነገሥቱ ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም። በከተማዋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች ስለነበሩ የበቀል እልቂት እንዳይነሣ ሠግተናል አሉ። ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ። በኋላ ግን መዘግየቱን ራሳቸው ለሚፈልጉት ነገር አዋሉት፦ የሚገቡት ባዶሊዮ በገባበት ዕለት፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት ሆነ። ጠላት «የድል ቀኔ» ያለውን ቀን ወስደው የአገሪቱ የድል ቀን አደረጉት።

አገባቡም የታሰበበት ነበር። በሰሜን በኩል በእንጦጦ መጡ፤ እንጦጦ ማርያም ላይ ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ ከጋራው እየቆለቆሉ ከተማዋን ከፊት ለፊታቸው እያዩ ወረዱ። ከፊት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ወታደሮች ይመራል። በጫካ የኖሩት የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች፣ ጸጉራቸው ጎፍሮ ትከሻቸው ላይ የወደቀ፣ የማረኩትን መሣሪያ ታጥቀው መንገዱን ሞልተውታል። የአርበኛ ጸጉር ለብዙዎቻችን ጌጥ ይመስለናል። ለእነሱ ግን አገር ነጻ ሳይወጣ አንላጭም የሚል ስእለት ያረፈበት ነበር።

በቤተ መንግሥት ያደረጉት ንግግር ዛሬም ሲነበብ ይከብዳል። ከአምስት ዓመት ግፍ፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፣ ክፉን በክፉ አትመልሱ፤ ጠላት እስከ መጨረሻው ሰዓት በለመደው ጭካኔ የኢትዮጵያን ስም አታጉድፉ ብለው ሕዝቡን ለመኑት።

«በ1928 ሚያዝያ 27 ኢትዮጵያ በሙሉ ተያዘች»

ይህ የሙሶሊኒ አነጋገር ነው፤ ሳናውቀው እየደገምንለት ነው። ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ ምዕራቡና ደቡቡ ገና በኢትዮጵያውያን እጅ ነበር። በጎሬ መንግሥት ተቋቁሟል፤ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የተሰባሰቡበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ እየተዋጋ ነበር። ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን የሰጡት ታኅሣሥ 1929 ነው። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ እስከ የካቲት 1929 ተዋግተው ተገደሉ። አዲስ አበባ ራሷ እንኳ በሐምሌ 1928 በእነ ደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ተጠቅታለች፤ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት የተደበደቡት በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 22 ነበር።

እነዚህ ከዚያ ቀን በኋላ የወደቁ ሰዎች ናቸው። «ያን ቀን ሁሉም ነገር አለቀ» ካልን የእነሱን ደም የት እናስገባዋለን?

«ያኔ ከተማዋን ያቃጠለው ጣሊያን ነው»

አይደለም፤ እውነቱ ለመስማት የማይመች ነው። ከሚያዝያ 24 እስከ 27፣ 1928 በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባን የዘረፈውና ያቃጠለው ሥርዓት የጠፋበት የራሳችን ሕዝብና ከጦር ሜዳ የተበተነ ወታደር ነው። የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ፣ ማለትም በየአገሮቻቸው ኤምባሲ፣ ተጠለሉ። ጣሊያኖች በኋላ ይህን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቅመውበታል፤ ሥርዓት ልናስከብር ገባን አሉ። ሥርዓት አስከባሪ ነኝ ያለው ኃይል ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 12፣ 1929 በወቅቱ የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ በዚህችው ከተማ ለሦስት ቀን በአካፋና በእሳት ሰው ጨፈጨፈ። ሁለቱም መነገር አለባቸው።

«በ1933 ሚያዝያ 27 ጦርነቱ አበቃ»

አምባ አላጌ የተሰጠው ግንቦት 11 ነው። ጅማ እስከ ሰኔ ቆየች። የመጨረሻው ምሽግ ጎንደር ነበር፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18፣ 1934 ነው። ወረራው የተጀመረው መስከረም 22፣ 1928 ስለነበር ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ከስድስት ዓመት በላይ ሆኗል። «የአምስት ዓመቱ ወረራ» የምንለው ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ለጎንደር ሰው ቁጥሩ ሌላ ነው።

«እንግሊዝ ነጻ አወጣን» እና «የማንም እርዳታ አላስፈለገንም»

ሁለቱ ሐሳቦች የሚከራከሩ ይመስላሉ፤ ስህተታቸው ግን አንድ ነው፦ ቀኑን ለአንድ ወገን ይሰጣሉ።

እንግሊዝ በኅዳር 1931 ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን አገዛዝ በሕግ አውቃ ነበር። የተለወጠችው ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ጦርነት ሲያውጅባት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ውስጥ ከውጭ የመጣ አንድም ጦር አልነበረም። በሸዋ እነ ራስ አበበ፣ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ፣ በቤጌምድርም ሌሎች፣ ጣሊያን ከምሽጉ ርቆ እንዳይሄድ አድርገው ይዘውት ነበር። ዊንጌት የመራው የጌዲዮን ኃይል ሁለት ሺህ የማይሞላ ጦር ሆኖ ሳለ በጎጃም እጅግ የሚበልጠውን ጠላት ሊያስለቅቅ የቻለው አገሩ ቀድሞ በአርበኞች ስለተያዘ ነው።

በሌላ በኩል ከረንን፣ አምባ አላጌንና ጎንደርን የሰበሩት መድፍና አውሮፕላን የያዙ የእንግሊዝ፣ የሕንድ፣ የሱዳን፣ የደቡብና የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ናቸው። ናይጄሪያዊ ወጣት ከካኖ ተነሥቶ ሐረር ድረስ መጥቶ ተዋግቷል። እሱንም መርሳት አይገባም።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ነጻነት ተመለሰ»

ንጉሡ ቤተ መንግሥት ገቡ እንጂ አገሩን የሚያስተዳድረው ለጊዜው የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ነበር፤ ኢትዮጵያም «ከጠላት የተያዘ ግዛት» ተብላ ነበር የምትጠራው። የጥር 1934 ስምምነት መንግሥቱን ዕውቅና ቢሰጠውም የባቡሩን መስመርና ኦጋዴንን በእንግሊዝ እጅ አስቀረ። በገበያ የሚሠራው ገንዘብ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር፤ የራሳችን አዲስ ገንዘብ የወጣው በ1937 ነው። የመጨረሻው ቁራሽ መሬት፣ በምሥራቅ ያለው ሐውድ፣ የተመለሰው በ1947 ነበር።

«በዓሉ ሁልጊዜ በሚያዝያ 27 ሲከበር ኖሯል»

በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እሱ በትምህርት ቤት ሰልፍ የወጣው መጋቢት 28 ነበርና። ደርግ የድሉን ቀን ንጉሡ ከገቡበት ወደ ከተማዋ ነጻ ወደወጣችበት አዛወረው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፦ የንጉሡ መመለሻ የሆነ በዓል ለአዲሱ ሥርዓት አይመችም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ቀኑ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ስለ ድል ቀን የሚከራከሩት በዚህ ነው፤ ሁለቱም የተማሩትን ነው የሚናገሩት።

ስለ ቀን ካነሣን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሚያዝያ 27 በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሜይ 6 ይሸሻል የሚሉ አሉ። አይሸሽም። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚፈጠረው የአንድ ቀን ልዩነት ፌብሩዋሪ 29 ላይ ስለሚካካስ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኖቹ ይገጥማሉ፤ በዚህ ዘመን ሚያዝያ 27 ሜይ 5 ነው። የአድዋ ጉዳይ ግን ይለያል። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ጦርነቱ የተካሄደበት የካቲት 23፣ 1888 ግን በፈረንጆች 1896 ማርች 1፣ እሑድ ነበር። በመካከል ፈረንጆች በ1900 የካቲታቸውን 29 ሳያደርጉ ስላለፉ አንድ ቀን ተንሸራተተ። ሁለቱም ቀኖች ትክክል ናቸው።

«አራት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ነው»

የሰማዕታቱ ስድስት ኪሎ ነው፤ የየካቲት 12 ሐውልት። አራት ኪሎ ያለው የሚያዝያ 27 ነው። አንድ ማቆሚያ ያህል ነው የሚራራቁት፤ አንዱ ለታረዱት፣ ሌላው ለድሉ።

«አርበኛ ማለት ጠመንጃ ይዞ ጫካ የገባ ወንድ ነው»

ሰልፉ ላይ የሚቆሙትን እናቶች «የአርበኛ ሚስት» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ የተዋጉ ሴት ናቸው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ከጣሊያን መሥሪያ ቤት ወሬ ይሰርቃሉ፤ ጥይትና መድኃኒት በእህልና በልብስ መካከል ሸሽገው ወደ ጫካ ይልካሉ። የተያዘ ውስጥ አርበኛ እንደ ጫካው ሰው የሚሸሽበት ገደል የለውም።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ሀብታቸውን ለአርበኞች ስንቅና መሣሪያ አዋሉ፤ ተያዙ፤ ተገረፉ፤ ባሕር ተሻግረው በጣሊያን አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። ከእስር ተለቀው አገራቸው ሲመለሱ እንደገና ከአርበኞች ጋር ተገናኝተው የአዲስ ዓለም ምሽግ በተሰበረበት ውጊያ ውስጥ ገቡ።